ጅማ የራሷን ቁጥር ሳታውቅ ያለፈው ማዕበል

በ2013 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ እኛ ሰፈር በአንድ ሳምንት ሦስት ድንኳን ተጣለ። የአንዱ ለቅሶ ወንበር ወደ ዕድሩ መጋዘን ሳይገባ ለሁለተኛው ተጫነ። ሟቾቹ በምን እንደሞቱ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነበር። አንዱ ስኳር ነበረበት። አንዷን አስም ነው የጣላት። ሦስተኛውን ብርድ መትቶት ሳምንት ተኝቶ ነበር። ኮሮና የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው አላስታውስም።

ማታ ቴሌቪዥን ስንከፍት የዕለቱ ሪፖርት ይነበባል። ይህን ያህል ሰው ተመረመረ፣ ይህን ያህል ተያዘ፣ ይህን ያህል ሕይወቱ አለፈ። ቀጥሎ በክልል ይዘረዘራል። አዲስ አበባ ይህን ያህል። ኦሮሚያ ይህን ያህል። ኦሮሚያ ማለት ከሞያሌ እስከ ወለጋ ነው። ጅማ የትኛው ውስጥ እንዳለች ማንም አይነግረንም። እኛ ግን ድንኳኑን በዓይናችን እያየን ነው።

ዓመታት አልፈዋል። ስለዚያ ጊዜ ሲነሳ ግን የጅማ ሰው ቅሬታው ዛሬም አልወጣለትም። የመንግሥት አካላት በዚያ ሰሞን ደጋግመው የሚሉት አንድ ቃል ነበር፤ «መዘናጋት»። ኅብረተሰቡ ተዘናግቷል፣ መዘናጋቱ ዋጋ እያስከፈለ ነው ይባል ነበር። በየስብሰባው፣ በየሬዲዮው፣ በየመኪናው ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ። እኔ በዚህ ቃል አልስማማም። የጅማ ሰው የተዘናጋ አይመስለኝም። ማመን ነው ያቆመው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። የተዘናጋን ሰው በቅስቀሳ ታነቃዋለህ። ማመን ያቆመን ሰው ግን ቅስቀሳ ስታበዛበት የበለጠ ይሸሻል።

መጀመሪያ ላይ ሰው ፈርቶ ነበር። በጣም ነው የፈራው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው በሽተኛ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ሲነገር፣ በማግስቱ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ በዋጋ ተሰቀሉ። ከመናኸሪያ እስከ ፈረንጅ አራዳ በየሱቁ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጄሪካን ቆመ። ሳሙናው በሲባጎ ታስሮ ይንጠለጠላል። ሽማግሌዎች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላምታ ይሰጣሉ። ስልክ ስትደውል ከጥሪው በፊት የኮሮና መልእክት ይቀድማል። 8335 የሚለውን ቁጥር ሕፃናት ሳይቀሩ ሸምድደውታል።

በዚያው መጋቢት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ ሕክምና ማዕከሉ የመጡ 247 ሰዎችን ጠይቀው ነበር። 77 በመቶው እጃቸውን አዘውትረው እንደሚታጠቡ ተናገሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መጨባበጥ ትተዋል። በሽታው አገር ከገባ ገና ሳምንታት ነበሩ። ይህ የተዘናጋ ሕዝብ ነው? በዚያው ጥናት ላይ ሌላ ነገርም አለ። ከ10 ሰው ከ8 በላይ የሚሆኑት ይህ በሽታ ሰውን የሚያስገልል በሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። «ብርድ መታው» የሚለው መልስ ከየት እንደመጣ እዚህ ላይ ይገባኛል። ሰው የሞተበትን ቤተሰብ ጎረቤት እንዳይሸሸው ነው።

ከዚያ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። መጨባበጥ ተከለከለ። ማስክ ግዴታ ሆነ። ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 200,000 ብር ይደርሳል ተባለ። መኪናዎች በግማሽ እንዲጭኑ ታዘዘና ታሪፉ እጥፍ ሆነ።

እዚህ ላይ የጅማን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ጅማ የምትኖረው በተማሪና በቡና ነው። ትምህርት ሲዘጋ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ወደየቤታቸው ላከ። በጥቂት ቀን ከተማዋ ግማሽ ሰው የጎደለባት መሰለች። ክፍል የሚያከራዩ እናቶች፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች፣ የፎቶኮፒ ቤቶች፣ ሽሮ ቤቶች፣ የባጃጅ ሾፌሮች ገቢያቸው በአንድ ጊዜ ቆመ። አዋጁ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ከልክሎ ነበር። ጥሩ ሕግ ነው። ተከራይ ሆኖ ይህን ሕግ ተጠቅሞ ቤቱ የዳነ ሰው ግን እኔ አላጋጠመኝም። ማስክ ያላደረገን የሚይዝ ደንብ አስከባሪ በየመንገዱ ነበር። ተከራይ ያባረረን አከራይ የሚጠይቅ ግን አላየሁም።

የእምነቱ ስንጥቅ ከዚህ ይጀምራል ባይ ነኝ። ሰው አዋጁን ማንበብ አያስፈልገውም። የትኛው አንቀጽ እንደሚሠራና የትኛው ወረቀት ላይ እንደቀረ መንገድ ላይ ያየዋል።

የባጃጁም ነገር እንዲሁ ነው። ታሪፉ የተጨመረው ሰው ስለሚቀነስ ነው ተባልን። እሺ አልን፣ ከፈልን። ትንሽ ቆይቶ ሦስት ሰው ከኋላ እየተጫነ ያው የተጨመረው ታሪፍ ይጠየቅ ጀመር። ብዙ ጊዜ ተጨቃጭቄያለሁ። ሾፌሩም አይፈረድበትም፣ ቤንዚን ፍለጋ ሲሰለፍ ነው የሚያድረው። የሚቆጣጠረው አካል ግን ማስክህን ብቻ አይቶ ያሳልፍሃል። ማስክ ከበሽታ መከላከያነት ወጥቶ የፖሊስ ማሳለፊያ ሆነ። ኬላው ጋ ሲደረስ ይለበሳል፣ ኬላው ሲታለፍ አገጭ ላይ ይወርዳል። አንድ ማስክ ለአምስት ሰው ሲዘዋወርም አይቻለሁ።

ሰኔ 2012 ላይ ደግሞ ኢንተርኔት ተዘጋ። ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በመላው አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። ምክንያቱን ለማከራከር አይደለም የማነሳው። የወረርሽኝ ጊዜ ላይ ነበርን። የሕክምና ባለሙያ ከባለሙያ የሚጠያየቀው፣ ዘመድ ከዘመድ የሚነጋገረው፣ ትክክለኛው መረጃ የሚመጣው በዚያ ነበር። መረጃ ሲዘጋ ወሬ ይገባል። ኮሮና የፖለቲካ ነው የሚለው ወሬ እኛ ሰፈር ጆሮዬ የገባው በዚያ ክረምት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በ2013 ዓ.ም. ኅዳር አካባቢ የጅማ ዩኒቨርሲቲና የጀርመኑ የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ሥራ ይሠሩ ነበር። የሆስፒታል ሠራተኞችን ደም እየወሰዱ ሰውነታቸው ኮሮናን የሚዋጋ አንቲቦዲ ሠርቶ እንደሆነ ይመረምራሉ። አንቲቦዲ ካለ ሰውየው ከዚህ በፊት ተይዞ ነበር ማለት ነው፤ ታመመም አልታመመም፣ ተመረመረም አልተመረመረም። ክትባት ሕዝቡ ዘንድ ገና ስላልደረሰ በክትባት የመጣ ነው አይባልም።

ውጤቱ ይኸው። በኅዳር ወር በጅማው የሕክምና ማዕከል ከተመረመሩት ሠራተኞች 30.8 በመቶው ተይዘው ነበር። የካቲት ላይ ይህ ቁጥር 56.1 በመቶ ደረሰ። ሦስት ወር ብቻ ነው። ከሁለት የሆስፒታል ሠራተኛ አንዱ ማለት ነው። በገጠር ነዋሪዎች ላይ ሲታይ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ከ18 በመቶ ወደ 31 በመቶ ወጥቷል። ገጠር ነው። ማስክ የለበሰ የማይታይበት፣ ኮሮና የከተማ ሰው በሽታ ነው የሚባልበት ገጠር።

በዚያው የካቲት መጨረሻ በመላው ኢትዮጵያ በምርመራ ተረጋግጦ የተመዘገበው ሰው 160,000 ገደማ ነበር። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር ይህ ከ1,000 ሰው ሁለት እንኳ አይሞላም። በአንድ በኩል ከ1,000 ሁለት የማይሞላ። በሌላ በኩል ገጠር ውስጥ ከ1,000 ሰው 300። ይህን ልዩነት ሳየው ወረቀቱን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብያለሁ። የእነዚያ ሦስት ድንኳኖች ነገር ነው የታወሰኝ።

መንግሥት ዋሸ እያልኩ አይደለም። የሚነበበው ቁጥር የተመረመረ ሰው ቁጥር ነው። ያልተመረመረ አይቆጠርም። የመመርመሪያ ዕቃ ውድ ነው፣ ውስን ነው። ይህን ማንም አስተዋይ ሰው ይረዳል። ግን ማንም አልነገረንም። «የምናነብላችሁ ቁጥር ከእውነተኛው በብዙ ያነሰ ነው፣ ጅማ ውስጥ በሽታው በሰፊው ተሠራጭቷል፣ የልባችሁን ጥርጣሬ እመኑ» የሚል ሰው ማይክ ይዞ አልወጣም። በምትኩ ማታ ማታ ትንሽ ቁጥር ይነበባል፣ ጠዋት ተዘናግታችኋል ተብለን እንወቀሳለን። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ለምን እንፈራለን? ሰው ይህን ቢጠይቅ ምን አጠፋ?

ጥናቱ በመጽሔት የታተመው በ2014 መጀመሪያ አካባቢ ነው፣ በእንግሊዝኛ። ሳይንስ ጊዜ ይፈልጋል፣ ተመራማሪዎቹን አልወቅስም። ትልቅ ሥራ ነው የሠሩት፣ ከተማዬ እንዲህ ያለ ሥራ በመሥራቷ ኮርቻለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ስለ ጅማ የሚናገረው ቁጥር ለዓለም ተነግሮ ሐሙስ ገበያ ላይ ለምትሸጠው እናት አልደረሳትም። በአፋን ኦሮሞም፣ በአማርኛም። የቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ገጽ ተጽፎ አልተለጠፈም።

ያ ማዕበል ሆስፒታል ሲደርስ ምን ሆነ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል 15 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ ሪፈራል ሆስፒታል ነው። ከኢሉባቦር፣ ከከፋ፣ ከሸካ፣ ከቤንች፣ ከዳውሮ፣ ከጋምቤላ ሳይቀር ሪፈር ተጽፎ የሚመጣው ወደ ጅማ ነው። ያለው አልጋ ደግሞ 800 ገደማ ነው፤ ለወላድ፣ ለአደጋ፣ ለካንሰር፣ ለሕፃናት፣ ለሁሉም። ከዚህ ያለፈ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት አለበት። ኮሮና የያዘው ሰው ደግሞ አየር ካጠረው በኋላ የሚቆጠረው በሰዓት ነው።

ኦክስጅን ለምን እንደሚያልቅ ብዙ ሰው አይገባውም። ለእኔም አይገባኝም ነበር። ትልቁ ሲሊንደር፣ ያ ሁለት ሰው የሚያንከባልለው፣ 6,800 ሊትር ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ብዙ ይመስላል። በጣም የታመመ ሰው ግን በደቂቃ እስከ 15 ሊትር ሊፈልግ ይችላል። አካፍሉት። ከሰባት ሰዓት ተኩል በላይ አይሄድም። አንድ ሕመምተኛ በቀን ከሦስት ሲሊንደር በላይ ይጨርሳል። አሥር እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ካሉ በቀን ከ30 በላይ። ያ ሁሉ ባዶ ሲሊንደር ተጭኖ ሄዶ፣ ተሞልቶ፣ ተመልሶ ተራግፎ መገጠም አለበት። መኪና ይፈልጋል፣ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ጉልበት ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል። አንዱ ከተሰናከለ ማታ ላይ የሆነ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። በመጋቢት 2013 በአገሪቱ በቀን ከ2,000 በላይ አዲስ ተያዦች ሲመዘገቡ፣ የወቅቱ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ ራሳቸው የኦክስጅንና የፅኑ ሕሙማን አልጋ እጥረት እንዳለ በግልጽ ተናግረው ነበር። ያ ግልጽነት ጥሩ ነበር። ግን ከአዲስ አበባ ወደ ታች አልወረደም።

በዚያው ወር አጎቴን ይዤ ወጣሁ። ሳል ጀመረው፣ አራተኛው ቀን ላይ ከአልጋ ወደ በር ለመድረስ ያቃስት ጀመር። የመጀመሪያው የሄድንበት ጤና ተቋም አልጋ የለም አለን። ሁለተኛው ወደ ሌላ ላከን። የላከን ቦታ ስንደርስ እዚያም የለም። ሦስት ቦታ በባጃጅ ዞርን። አጎቴ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ። ማንም አላመናጨቀንም። ነርሶቹ ራሳቸው ደክመው ነበር፣ አንዷ ማስኳ በላብ ርሶ ነበር። ያናደደኝ አልጋ አለመኖሩ አይደለም። የት አልጋ እንዳለ የሚነግረን አንድ ስልክ አለመኖሩ ነው። ተቋማቱ እርስ በርስ እንኳ አይነጋገሩም። በስተመጨረሻ ቦታ አገኘና አሥራ አንድ ቀን ተኝቶ ወጣ። ዳነ፣ ፈጣሪ ይመስገን። የምርመራ ውጤቱ የመጣው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አጎቴ በየትኛው ቀን ቁጥር ውስጥ ገብቶ እንደተነበበ፣ ጨርሶ ተነቦ እንደሆነም አላውቅም።

የጤና ባለሙያዎቹን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከሁለት አንዱ ተይዞ ነበር አልን። እነዚህ ሰዎች ማታ ወደ ልጆቻቸው ነው የሚገቡት። ቤት አከራይ ያስወጣቸው አሉ፣ ባጃጅ ሾፌር ነጭ ጋዋን አይቶ ጥሏቸው የሄደ አሉ። የተጋላጭነት ክፍያ ይከፈላችኋል ተብለው ለወራት ሳይከፈላቸው የቆዩ ባለሙያዎች ቅሬታ በብዙ የአገሪቱ ክፍል ተሰምቷል። በቴሌቪዥን እየተጨበጨበላቸው ነበር። ጭብጨባው ደመወዝ ላይ አይደመርም።

እና ሰኔ መጣ።

ሰኔ 9 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከምርጫው አምስት ቀን በፊት፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጅማ ስታዲየም መጥተው የምርጫ ቅስቀሳ አደረጉ። ስታዲየሙ ሞልቶ ነበር። የአካባቢው ልጅ ናቸው፣ የተወለዱበት በሻሻ ቅርብ ነው፣ ሰው ወጥቶ ሊያያቸው ቢፈልግ አይደንቅም። ሀቁንም ልናገር። በሰኔ የተያዦች ቁጥር ከመጋቢት በእጅጉ ወርዶ ነበር። የሚቀጥለው ዙር የመጣው ክረምቱ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ያ ስብሰባ ይህን ያህል ሰው ገደለ ብሎ መናገር አይቻልም፣ እኔም አልልም።

ግን የዕድራችንን ሽማግሌዎች አስቡ። ከጥቂት ወራት በፊት ለቅሶ ላይ ድንኳን አታስፉ፣ ሰው አታብዙ፣ ቀብር በቤተሰብ ብቻ ይሁን ተብለው ነበር። መመሪያ ቁጥር 30 ተብሎ የወጣው የጤና ሚኒስቴር መመሪያ በሥራ ላይ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ማስክ ከሌለ አገልግሎት የለም ተብሎ ተለጥፏል። ወንድሙን በአሥር ሰው የቀበረ ሰው የሞላ ስታዲየም ሲያይ ምን ይላል? ጅማ ውስጥ ሙስሊሙ ሬሳ ሳያሳድር ይቀብራል፣ ጀናዛ ለመስገድ ጎረቤቱ ሁሉ ይወጣል። ክርስቲያኑም ሦስት ቀን ለቅሶ ይቀመጣል። ሰዎች ይህን ትተው ነበር። በ2012 ረመዳን መስጊዶች ተዘግተው ተራዊሕ ቤት ውስጥ ተሰግዷል። ፋሲካም በየቤቱ ነው ያለፈው። እንዲህ ያለ ነገር ትልልቆቻችን በዕድሜያቸው አላዩም። ይህን ያህል የከፈለ ሕዝብ ነው። ከስታዲየሙ በኋላ ማስክ አድርግ የሚለው ሰው ሲመጣ ፊቱን ቢያዞርበት ተዘናጋ ማለት አግባብ አይደለም።

ስለ ክትባቱ አጭር ነገር ልበል። የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ አስትራዜኔካ የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ገባ፣ መጋቢት 4 መስጠት ተጀመረ። መጀመሪያ የጤና ባለሙያዎች፣ ከዚያ አረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው። ሕንድ ራሷ በበሽታው ስትመታ የምትልከውን ክትባት ቀነሰች፣ ሁለተኛው ዶዝ ዘገየ። ይህ የእኛ መንግሥት ጥፋት አይደለም። ሆኖም ለመጀመሪያው ዶዝ የመጣ ሰው ሁለተኛው ለምን እንደዘገየ ሳይነገረው ሲመላለስ፣ እሱም ከሌላው ጋር ይደመርበታል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ መንግሥት የሠራውም አለ። ወረርሽኙ ከመግባቱ በፊት ከኢትዮጵያ ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ የጅማ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በየክልሉ ላቦራቶሪዎች መመርመር ጀመሩ። ሙሉ በሙሉ ቤት ዝጉ አለመባሉም ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የዕለት ጉርሱን በዕለቱ የሚያገኝ ሰው ቤቱ ቢዘጋበት ከበሽታው በፊት ረሃብ ይቀድመዋል። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ደግሞ አገሪቱ ጦርነት ውስጥ ገባች፣ ትኩረቱም ገንዘቡም ወደዚያ ሄደ። ይህን ሁሉ ይዘን ነው የምንፈርደው።

የምለው ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በየሳምንቱ አንድ ወረቀት ነው። ጅማ ከተማ፣ በዚህ ሳምንት፣ ሆስፒታል የገባ ይህን ያህል፣ ኦክስጅን ላይ ያለ ይህን ያህል፣ ክፍት አልጋ ይህን ያህል፣ የሞተ ይህን ያህል። በኦሮምኛና በአማርኛ። መስጊድ በር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ መናኸሪያ፣ ሂርማታ ገበያ ላይ ይለጠፋል። ቁጥሩ ምርመራ የሚሸፍነውን ብቻ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍበት። ሰው ቁጥሩን ከሰፈሩ ድንኳን ጋር ያመሳክራል። ከገጠመለት ያምናል። ካመነ ማስክ ለማስደረግ ሚሊሻ አያስፈልግም።

እውቀቱ የለንም እንዳይባል፣ ጅማ አጠገብ ግልገል ጊቤ ላይ ዩኒቨርሲቲው ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሚመራው የመስክ ምርምር ማዕከል አለ። ባለሙያዎች በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ በምን ምልክት ሞተ ብለው ይመዘግባሉ። ሐኪም ያላየው ሞት እንኳ ቤተሰብ ተጠይቆ ምክንያቱ ይገመታል። ይህ ሙያ ደጃችን ላይ አለ። በከተማው ደግሞ ከዚህም የቀረበ ነገር አለ፣ ዕድር። ዕድር የአባሉን ሞት ሳይመዘግብ አያልፍም፣ ገንዘብ የሚከፍለው በመዝገቡ ነውና። አዲስ አበባ ውስጥ ተመራማሪዎች የመቃብር ቦታዎችን መዝገብ ይዘው ለዓመታት የሞት ሁኔታን አጥንተዋል። ጅማ ላይ የዕድር ጸሐፊዎችን ሰብስቦ የዘንድሮ የካቲት ካምናው የካቲት ምን ያህል ይበልጣል ብሎ መጠየቅ የአንድ ሳምንት ሥራ ነበር። የሞት ወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሕግ ግዴታ ሆኖ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በቀበሌ ይካሄዳል፣ ነገር ግን ለሞት ወረቀት ቀበሌ የሚሄደው ውርስ ወይም ጡረታ ያለበት ሰው ነው። ሌላው ወደ ዕድሩ ነው የሚሄደው።

ይህን አሁን ለምን አነሳዋለሁ? በ2017 መጀመሪያ ወባ እንዴት እንደነበረ እናስታውሳለን። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2024 ዓመት እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙን ዘግቧል፣ ከፍተኛው ድርሻ የኦሮሚያ ነበር። ያኔም እኛ የሰማነው የክልል ቁጥር ነው። በ2018 ኅዳር ደግሞ ጂንካ ላይ ኢቦላን የሚመስለው የማርበርግ በሽታ ተረጋገጠ። ዜናው በደረሰ ቀን ጅማ ውስጥ ሰው የጠየቀው ያንኑ ነበር። እኛ ጋ አለ ወይ? ስንት ነው? ማን ነው የሚነግረን?

ባለፈው ወር የዕድራችን ጸሐፊ ቤት ሄጄ ነበር፣ መዋጮ ልከፍል። አሮጌውን መዝገብ እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ከቁም ሳጥን ላይ አወረዱት፣ አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር ነው። ስም፣ ቀን፣ የተከፈለ ብር፣ ፊርማ። የ2012 ገጾች ላይ ጽሑፉ ዘርዘር ያለ ነው፣ መሐል መሐል ባዶ መስመር አለ። የ2013 የካቲትና መጋቢት ላይ መስመሮቹ ተጠጋግተዋል፣ ቦታ ሲያጥራቸው ኅዳጉ ላይ ጭምር ጽፈዋል። ይህን ደብተር አይቶ የጠየቃቸው የመንግሥት ሰው አለ ወይ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ማንም አልጠየቀኝም ልጄ አሉና ደብተሩን ወደ ቦታው መለሱት።